ተራራው ከመናዱ በፊት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ የደረሰውን ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለንም። ከባድ ዝናብ ያራሰው ተዳፋት ተንሸራትቶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያላገኘውም በባዶ እጁ አፈሩን እየጫረ፣ የተቀበረውን ለማውጣት ተረባረበ። ሕዝቡ እንዲህ ተሰብስቦ ሳለ ከበላይ የቀረው መሬት ዳግመኛ ተናደ። ለእርዳታ የመጡትም ተቀበሩ። ከሟቾቹ መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙባቸዋል። በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ከዚህ አደጋ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ተራራው ከመናዱ በፊት ምልክት አይሰጥምን? ምልክት ከሰጠስ፣ ያንን ምልክት አይቶ፣ መዝግቦ፣ ለሚመለከተው ማድረስ ያለበት ማነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መፈለግ ነው።

ሜዳው ላይ ብንሆንም

«ጎፋ ሩቅ ነው፤ እኛ ያለነው ሜዳ ላይ ነው» የሚል የአዳማ ነዋሪ አይጠፋም። እርግጥ የስምጥ ሸለቆው ወለል ሜዳ ነው። ይሁን እንጂ ሜዳ የሚበዛበት አገር ዳር አለው፤ የስምጥ ሸለቆው ዳር ደግሞ ገደል ነው። ከአዳማ ወጥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ከ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር የሚደርሰው የጭላሎ ተራራ አለ። ከሻሸመኔ ጀርባ የወንዶ ገነት ጋራዎች አሉ። ወደ ምሥራቅ ካቀናን የሐረርጌ ተዳፋቶች ይጠብቁናል። በአዳማ ገበያ ከሚነግደው፣ በትምህርት ቤቶቿ ከሚማረው፣ በመስጊዶቿ ከሚሰግደው ምዕመን ስንቱ ነው እናት አባቱ በእነዚህ ተዳፋቶች ላይ የሚኖሩት?

አዳማም ራሷ በጋራዎች የተከበበች ጎድጓዳ ከተማ ናት። በክረምት ከጋራዎቹ የሚወርደው ጎርፍ ጭቃና ድንጋይ ይዞ መንገድና ቤት ሲያጥለቀልቅ የምናየው ነው። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ቤት ሠሪው ወደ ዳገቱ መውጣቱ አልቀረም። ቀይ አሽና አሸዋ በሚወጣባቸው ጉድጓዶች ሥሩ የተቦረቦረ ግድግዳ በቀን ሠራተኛ ራስ ላይ ሊወርድ ይችላል። ይህም የናዳ አንዱ ዓይነት ነው።

በዚህ ላይ ምድራችን የምትንቀሳቀስ ናት። የስምጥ ሸለቆው ሁለት ዳርቻዎች በየዓመቱ በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚራራቁ ምሁራን ለክተዋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ ከመተሐራ አልፎ አዳማንና አዲስ አበባን ሲያንቀጠቅጥ ሰንብቷል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው 5.8 የተመዘገበ ሲሆን በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀዋል። መንቀጥቀጥ ደግሞ ተዳፋትን ያናጋል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በተነሳው ከባድ መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ስትፈራርስ፣ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳናም በስንጥቅና በናዳ ተበላሽቶ ነበር።

ለመሆኑ መሬት ለምን ይንሸራተታል?

ሕፃናት በአሸዋ ሲጫወቱ ተመልክታችሁ ይሆናል። ደረቅ አሸዋ ቁልል አያቆምም። ትንሽ ውኃ ሲነካው ተያይዞ ይቆማል፤ ውኃው ሲበዛበት ግን ፈሶ ይወርዳል። ተዳፋትም እንዲሁ ነው። አፈሩን ወደ ታች የሚስበው ክብደቱ ነው፤ ይዞ የሚያቆየው ደግሞ እርስ በርሱ መያያዙና ከሥሩ ካለው አለት ጋር መጣበቁ ነው። ዝናብ ሲሰርግ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። ክብደቱ ይጨምራል፤ መጣበቁ ይላላል። ሁለቱ ሚዛን የሳቱ ዕለት ተራራው ይወርዳል።

ደጋማው አገራችን የቆመው አንዱ በሌላው ላይ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። በጠንካራዎቹ አለቶች መካከል ውኃ ሲነካው የሚያብጥና የሚያንሸራትት የሸክላ አፈር ይገኛል። በስምጥ ሸለቆው ደግሞ ቀላልና ልል የሆነው የእሳተ ገሞራ አመድ በብዛት አለ። ስለዚህ ነው ናዳ የሚበዛው ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት ሳይሆን፣ መሬቱ ለሳምንታት ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ፣ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም የሚሆነው።

የሰው እጅም አለበት። ለቤት ወይም ለመንገድ ሲባል የዳገቱ እግር ይቆረጣል። ሥሩ አፈሩን ይዞ የነበረው ዛፍ ይጨፈጨፋል። የጣራ ውኃና የቧንቧ ፍሳሽ ወደ ዳገቱ ይለቀቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ሰው ራሱ የከመረው ኮረብታም እንደ ተራራ እንደሚገድል አይተናል።

ጉዳቱ አዲስ አይደለም። የጂኦሎጂ ምሁሩ ሉልሰገድ አያሌው እንደ ጻፉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 በነበሩት ዓመታት ብቻ በአገራችን የመሬት መንሸራተት ወደ 300 ሰዎች ገድሏል፤ ከ200 በላይ ቤቶችን አፍርሷል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አበላሽቷል።

የባለሙያው ካርታ

የመሬት መንሸራተት ካርታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ቀድሞ የተናደበትን ቦታ ሁሉ ይመዘግባል። የአውሮፕላንና የሳተላይት ፎቶግራፎችን እያስተያየ፣ በእግሩም እየሄደ የድሮ ናዳ ጠባሳ ይፈልጋል። ቀጥሎ ይጠይቃል፤ እነዚህ የተናዱ ቦታዎች የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? የቁልቁለቱ መጠን፣ የአለቱ ዓይነት፣ የወንዙ ቅርበት፣ የምንጩ ብዛት፣ የዕፅዋቱ ሽፋን እያንዳንዱ ይመዘናል። ከዚያ ገና ያልተናዱ፣ ነገር ግን እነዚህ ነገሮች የተገናኙባቸው ቦታዎች በቀለም ይለያሉ። ቀይ ከፍተኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ አረንጓዴ ዝቅተኛ ስጋት ይሆናል።

ይህ ሥራ በአካባቢያችን ተሠርቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጂኦሎጂ ምሁር መሐመድ ዑመር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የወንዶ ገነትን ተዳፋቶች በኮምፒዩተርና በሳተላይት መረጃ አጥንተው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። የስምጥ ሸለቆው ዳር ካርታ ሊወጣለት እንደሚችል ካሳዩት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ነው። የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትም በልዩ ልዩ አካባቢዎች ተመሳሳይ ካርታዎችን አዘጋጅቷል።

ነገር ግን ካርታው ወሰን አለው። ለብዙ ጥናቶች መሠረት የሚሆነው ከሰማይ የተለካው የከፍታ መረጃ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። ይህ 900 ካሬ ሜትር ነው። በአንዱ ነጥብ ውስጥ አራት አምስት ቤት፣ አንድ የአፈር ግድግዳ፣ አንድ የተደፈነ ቦይ ሊገባ ይችላል። ሳተላይቱ እነዚህን ለይቶ አያይም። ባለፈው ክረምት ከቤቱ በላይ የተከፈተውን ስንጥቅ፣ ደርቆ የነበረውንና ዘንድሮ ደፍርሶ የፈለቀውን ምንጭ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። እንግዲህ የባለሙያው ካርታ ግማሽ ካርታ ነው። ሌላው ግማሽ በነዋሪው ዘንድ አለ።

ነዋሪው ሲናገር የሚሰማው ማነው?

በዌልስ አገር፣ አበርፋን በምትባል መንደር፣ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚወጣው ግብስባስ ከትምህርት ቤት በላይ በተራራ ላይ፣ ያውም በምንጭ ላይ፣ ይከመር ነበር። የአካባቢው ባለሥልጣኖች ስጋታቸውን በደብዳቤ ቢገልጹም ሰሚ አላገኙም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ጠዋት ክምሩ ተንሸራትቶ ትምህርት ቤቱን መታ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 116ቱ ልጆች ነበሩ። ምልክቱ ታይቶ፣ ተጽፎ፣ ሳይሰማ ቀረ።

ሌላው ምሳሌ የሚያጽናና ነው። በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሴንት ሉሲያ ደሴት ድኆች ቁልቁል በሆኑ ተዳፋቶች ላይ ተጠጋግተው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ማልኮም አንደርሰንና ሊዝ ሆልኮምብ የተባሉ ተመራማሪዎች ከመንግሥቱ መሐንዲሶችና ከነዋሪዎቹ ጋር ሆነው ሰፈሮቹን በእግር ዞሩ። ውኃው ከየት ይመጣል? የት ይሰርጋል? ግድግዳው የት ተሰነጠቀ? ይህን ሁሉ በሰፈሩ ካርታ ላይ አሰፈሩ። ከዚያ ውኃውን ሰብስቦ የሚያወርድ ቦይ ተሠራ፤ ለጣራዎች አሸንዳ ተገጠመ፤ ሥራውንም የሠሩት የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቶማስ የተባለው ማዕበል ከባድ ዝናብ ይዞ ደሴቲቱን ሲመታ ብዙ ቦታ መሬት ተናደ፤ ቦይ የተሠራላቸው ሰፈሮች ግን ጸንተው ቆሙ። ምሥጢሩ ውድ መሣሪያ አልነበረም። ውኃውን ከዳገቱ ማራቅና ነዋሪውን ከመጀመሪያው ማሳተፍ ነበር።

በሰፈራችን ምን እንሥራ?

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በተዳፋት ላይ ወይም በተዳፋት ሥር የሚኖር ጀመዓ፣ እድር፣ አፎሻ ወይም የተማሪዎች ቡድን ከክረምቱ በፊት ሊሠራቸው የሚችሉ ሥራዎች እነሆ።

አንደኛ፣ ዙሩ፤ ጠይቁ፤ ሳሉ። አንድ ትልቅ ወረቀት ይዛችሁ ከጋራው አናት ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ቤቶቹን፣ መንገዱን፣ ምንጩን፣ ቦዩን፣ የድሮ ናዳ ያለበትን ሳሉ። ሽማግሌዎችንና እናቶችን በአክብሮት ጠይቁ፤ «አባባ፣ ይህ ጎርባጣ መሬት እርስዎ ልጅ ሳሉም እንዲህ ነበር?» «እማማ፣ ይህ ምንጭ መቼ ፈለቀ?» በሉ። ውኃ የምትቀዳ እናት ከማንኛችንም በፊት የምንጩን መለወጥ ታያለች። አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛና አራስ ያለበትን ቤት ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ቀድሞ መውጣት ያለበት እርሱ ነውና።

ሁለተኛ፣ ምልክቶቹን ዕወቁ። በዳገቱ አናት ላይ እንደ ሂላል የጎበጠ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ ከመስመሩ የወጣ አጥር፣ ሳይታሰብ አልዘጋ ያለ በር፣ አዲስ ወይም የደፈረሰ ምንጭ፣ ከዳገቱ እግር ወደ ውጭ ያበጠ መሬት፣ እነዚህ ሁሉ የተራራው መልእክት ናቸው። አንዱ ብቻውን ናዳ ይመጣል ማለት ላይሆን ይችላል። ሁለትና ሦስቱ ሲገናኙ ግን ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስንጥቁን ለኩ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አንዳንድ ካስማ ትከሉ። በካስማዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ቀኑን ጨምራችሁ በደብተር ጻፉ። በበጋ በየጁምዓው፣ በክረምት ግን በየቀኑ ይለካ። ፎቶግራፍ ማንሳትም ይጠቅማል። «ስንጥቁ ሰፋ» ብሎ ለወረዳ መናገርና «በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ሰፋ» ብሎ ደብተር ማሳየት አንድ አይደለም። ከዚህ በኋላ የዝናብ ውኃ እንዳይገባበት ስንጥቁን በሸክላ አፈር ጠቅጥቆ መድፈን፣ ውኃውንም በቦይ ማዞር ይገባል። ስንጥቁ ከቀን ወደ ቀን እየፈጠነ የሚሰፋ ከሆነ ግን መድፈኑን ትታችሁ ውጡ።

አራተኛ፣ ዝናቡን ለኩ። አፉና ሥሩ እኩል የሆነ ቆርቆሮ ዛፍና ጣራ በማይጋርደው ቦታ አስቀምጡ። ጠዋት ጠዋት በማስመሪያ የውኃውን ጥልቀት በሚሊ ሜትር ለክታችሁ ጻፉና ድፉት። የሳይንስ መምህር ይህን ከተማሪዎቹ ጋር ያለ ምንም ወጪ ሊሠራው ይችላል።

አምስተኛ፣ ውኃውን ምሩት። ጣራችሁ አሸንዳ ይኑረው። የእጥበትና የቧንቧ ፍሳሽ ወደ ዳገቱ አይለቀቅ። ቦይ ከመክረሙ በፊት ይጠረግ። ውኃው ከጎረቤት ደጅ ላይ እንዳይጣል ቦዩ እስከ ወንዙ ይድረስ፤ የራስን ውኃ በጎረቤት ላይ መልቀቅ ሐቅ መንካት ነውና። የዳገቱን እግር አትቁረጡ። የተራቆተውን ዳገት ሥረ ጥልቅ በሆነ ዛፍና ሣር ሸፍኑት።

ስድስተኛ፣ ካርታችሁን ለባለሙያ አሳዩ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ የሚያስተምር ተቋም ነው። ለወረዳው የአደጋ ስጋት ሠራተኛም አንድ ቅጂ ይሰጥ። አንድ ቅጂ በትምህርት ቤት፣ አንዱ በመስጊድ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሌሊት የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚያሰማው ማን እንደሆነ፣ ሰው የሚሰበሰበው የት እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ለዚህ ይጠቅማል። መውጫው መንገድ በሸለቆው ውስጥ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ከናዳው መስመር ውጪ ይሁን።

ናዳ ከወረደ በኋላ

ከጎፋ የምንማረው ከባድ ትምህርት ይህ ነው። የወገኑን ጩኸት ሰምቶ መሮጥ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የሞቱት በደግነታቸው ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ከበላዩ ድጋፍ አጥቶ የተንጠለጠለ መሬት ይተዋል። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት ዓይናቸውን ከጋራው የማይነቅሉ ሁለት ዘብ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ፊሽካ ይያዙ። ቆፋሪዎቹ ጥቂት ሆነው ይፈራረቁ። የቀረው ሕዝብ፣ በተለይ ሕፃናት፣ ከናዳው መስመር ውጪ ይቆይ። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ወደ ጎን ይሩጥ። የሞተውን በክብር መቅበር ግዴታችን ቢሆንም በሕይወት ያለውን ለሞት አሳልፎ የሚሰጥ ችኮላ ግን አያስፈልግም።

ቀደርና ጥንቃቄ

«የአላህን ውሳኔ ካርታ አይመልሰውም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቻቸውን ይዘው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄዳቸው መሆኑን አስረዱ። ሕይወትን መጠበቅ ሸሪዓ ከሚጠብቃቸው አምስቱ መሠረታዊ ነገሮች አንዱ መሆኑንም ዑለማዎች አስተምረዋል። ስንጥቁን ለክቶ መውጣት እንግዲህ ሰበብን ማድረስ ነው።

የት ይሂድ?

ውድ አንባብያን! ሁሉን ነገር በቦይና በካስማ መጨረስ አይቻልም። መነሳት ያለባቸው ሰፈሮች አሉ። መስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ የተንሸራተተው መሬት ከ1,000 በላይ መኖሪያ ቤቶችን አፍርሷል። ከጎፋው አደጋ በኋላም ከ15,000 በላይ ሰዎች ከስጋት ቦታ መነሳት እንዳለባቸው ተነግሯል። ገበሬው ተዳፋቱ ላይ የሚኖረው አደጋውን ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። እርሻው፣ እንሰቱና ቡናው፣ የወላጆቹ መቃብር እዚያ ስለሆነ ነው። «ተነስ» የሚለው ሰው «ወዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ መምጣት አለበት። የሚታረስ መሬት፣ ውኃና ትምህርት ቤት የሌለበት መጠለያ ሰውን ወደ ገደሉ መልሶ ይወስደዋል። በዚህ ረገድ ኃላፊነቱ የመንግሥት ነው። የነዋሪው ደብተርና ካርታ ግን መንግሥት ቀድሞ ማንሳት ያለበትን ለይቶ እንዲያውቅ ያደርጋል።

እስከዚያው ድረስ በከተማ ያለን ወጣቶች ክረምት ሳይገባ ለእናት አባቶቻችን ደውለን እንጠይቅ። ከቤቱ በላይ ስንጥቅ አለ ወይ? ምንጩ ደፍርሷል ወይ? ዕረፍት ወጥተን ስንሄድ ሜትርና ደብተር ይዘን እንሂድ። አላህ አገራችንንና ቤተሰቦቻችንን ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቅልን፤ በጎፋ ወገኖቻቸውን ላጡትም መጽናናትን ይስጣቸው።